ልኬ የሚጎትትበት መንገድ

አዲሱ መሥሪያ ቤቴ በገባሁበት ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ከዚህ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ።

"ውሻ አሠለጥን ነበር" አልኳት።

አብረውን የሚበሉት ሁሉ ቀና አሉ።

"ሂሳብም ታስተምሪያቸው ነበር?" አለ አንዱ።

"ገመድ ሳይጎትቱ መሄድ ነው የማስተምራቸው።"

"ለዚህ ዲግሪ ያስፈልጋል?"

"አያስፈልግም" አልኩት፤ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ዲግሪዬ የእንስሳት ጤና ነው። ለምን እንደተውኩት ሲጠይቁኝ ትከሻዬን ስለሚያመኝ ነው አልኳቸው። ትከሻዬን ያመኛል፣ ውሸት አይደለም። የተውኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ እጽፈዋለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ለመጋዘኖች ጥበቃ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። የተቀጠርኩት ውሾቹን ለማከም ነበር፤ ክትባት፣ ቁስል፣ መዥገር። ደሞዙ ከታክሲና ከምሳ ብዙም አይተርፍም። አለቃችን ደግሞ ጠዋት ሲገባ የማይጮህበት ውሻ ካየ "ይሄ ታሟል እንዴ? እዪው እስቲ" የሚል ሰው ነበር። ጤነኛ ውሻ ማለት ለእሱ የሚጮህ ውሻ ነው።

ውሾቹን የሚያሠለጥኑት ጋሽ በየነ ይባላሉ። በወጣትነታቸው የፖሊስ ውሻ ይዘው የሠሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ዝም ማለት ስለምወድ ይመስለኛል የወደዱኝ። ሁለት ዝምተኞች በውሾች መካከል ስንውል አለቃችን "እናንተ ጋ ስመጣ ጆሮዬን የደፈነኝ ይመስለኛል" ይለን ነበር።

ጋሽ በየነ ውሻ ከመያዛቸው በፊት እጃቸውን በውሃ ብቻ ይታጠባሉ። ሳሙና አይነኩም። "ሳሙናውን ነው የሚያውቀው እንጂ አንቺን አይደለም" ይሉኛል። ተቆጥተው ሳሉ የውሻ ስም አይጠሩም። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ከጾሙ በፊት ሳንባ ገዝተው፣ ቀቅለው፣ በጥፍር ልክ ቆርጠው በፀሐይ ያደርቃሉ፤ ለውሻው ሽልማት መሆኑ ነው። ከውሻ ጋር ሲሄዱ የለቅሶ ድንኳን ካዩ ደግሞ የቱንም ያህል ቢርቅ መንገድ ይቀይራሉ።

አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

"ሰዉ እንዳይረበሽ ነው?"

"ሰዉ እንዳይረበሽ ነው" አሉኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ "እኛ ድንኳን ውስጥ የምናየው የመጣውን ሰው ነው። ውሻ የሄደውንም ያያል። ከዚያ ጭራውን ይቆላል። ጭራውን ሲቆላ የሐዘኑ ባለቤቶች ያዩታል" አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

የጋሽ በየነ ትልቁ ዘዴ ቀይ ክር ነው። ገመዱ መሃል ላይ ወፍራም ቀይ ክር ያስራሉ። ውሻው በግራ ጉልበትሽ አጠገብ ሳይጎትት ሲሄድ ገመዱ ይላላል፣ ክሩም ወደ መሬት ይወርዳል። ሲጎትት ገመዱ ይወጠራል፣ ክሩም ከፍ ይላል። ከፍ ሲል ትቆሚያለሽ። አትስቢም፣ አትናገሪም፣ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ውሻው ግራ ገብቶት ዞር ሲል ክሩ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሳንባዋን ከጉልበትሽ አጠገብ ትሰጪውና መንገድሽን ትቀጥያለሽ። ከቀን ወደ ቀን ውሻው የሚገባው ነገር አንድ ነው፦ ሲጎትት መንገዱ ይቆማል፣ ሲያላላ መንገዱ ይሄዳል። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ የቀረው ትዕግሥት ነው።

"ክሩን እዪ" ይሉኝ ነበር። "ክሩ ከፍ ካለ አንድ ሰው እየጎተተ ነው። ገመድ ግን ሁለት ጫፍ አለው፤ የትኛው ጫፍ እንደሆነ ለመናገር አትቸኩዪ።"

ስለዚህ ባለቤት ውሻውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ራሱ እንዲያራምደው ያደርጋሉ። እሳቸው የሚያዩት ግን የሰውየውን ትከሻ ነው።

ድርጅቱ ካሜራ ሲያስገባ ውሾቹ ተሸጡ፣ ጋሽ በየነ ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ በሰው በሰው እየተጠራሁ የግል ውሾችን ማሠልጠን ጀመርኩ። ለዓይን አፋር ሰው አዲስ አበባ መንገድ ላይ ውሻ ይዞ ከመሄድ የበለጠ ቅጣት ያለ አይመስለኝም። ሜክሲኮ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት ሁልጊዜ ሲያየኝ "ግቢ የኔ እህት፣ ግን ውሻው ሙሉ ሂሳብ ነው የሚከፍለው" ይላል። ልጆች "ጀለስ፣ ማነው ማንን ያወጣው?" እያሉ ይከተሉኛል። አንድ ባልና ሚስት ደግሞ ነበሩ፤ ውሻቸው ከባልየው ጋር ይጎትታል፣ ከሚስትየዋ ጋር አይጎትትም። ባልየውን በጋሽ በየነ መንገድ ትከሻውን ሳየው ገመዱን ከቤት ሲወጣ ጀምሮ በኃይል ወጥሮ ነው የሚይዘው። ልነግረው አፍሬ ለሚስቱ ነገርኳት። "እኔንም እንዲሁ ነው የሚይዘኝ" አለችኝና ሻይ ቀዳችልኝ።

እትዬ አልማዝ የደወለችልኝ በዚያ ጊዜ ነው። መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ልደታ፣ የድሮው ሰፈር ፈርሶ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ምድር ቤት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ አባባ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ተቀምጠው የጠበቆችንና የዳኞችን ካባ ሰፍተዋል። ልኬ የውሻቸው ስም ነው። የሐበሻ ውሻ ከሚባለው ዘር ነው፤ ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ጆሮው አንዱ የቆመ አንዱ የታጠፈ።

"መጀመሪያ የአባቴን ክንድ ነው የሰበረው" አለችኝ እትዬ አልማዝ፣ አባቷ እየሰሙ። "ጎትቶ ጣለው። ሁለተኛ ከጣለው ሰበታ ያለ ዘመዳችን ፋብሪካ ነው የምልከው። ሰንሰለት ላይ።"

"እሱ ከሄደ እኔም ከዚህ ወንበር አልነሳም" አሉ አባባ ወልዴ።

"አትነሳ እንግዲህ።"

"አልነሳም።"

እትዬ አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። "ሰማሽ? ሐኪሙ ደግሞ በቀን አንዴ ይራመድ ብሏል። ያለ ውሻው ከበር አይወጣም። እኔ ሱቅ ነኝ። እንግዲህ አስተምሪው።"

ነገሩ ይህ ነበር። ውሻው መጎተት ካልተወ ሽማግሌው ቤት ውስጥ ይቀራሉ።

አባባ ወልዴ አንዳንዴ ይዘነጋሉ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ቤቱ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። እጃቸው ግን ምንም አይረሳም። ገመዱን ስሰጣቸው ወዲያው ቀዩን ክር አገኙት።

"ይሄን ማን ነው የቋጠረው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"ይፈታል" አሉና በጥርሳቸው ፈትተው እንደገና ቋጠሩት፤ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ጫፉ የማይታይ ቋጠሮ። ከዚያ በኋላ ገመዱን የሚይዙት በመሃሉ ሆነ፣ ክሩ ላይ። የተረፈው ከእጃቸው ተንጠልጥሎ ይጎተታል።

"ጫፉን ይያዙ እንጂ አባባ።"

"ጫፍ የያዘ ሰው ጨርቁን አያውቀውም" አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ልኬ ከበር እንደወጣ ወጠረው። አባባ ወልዴ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ተከተሉት፤ እኔም ከኋላቸው። ልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርሱ አባባ ወልዴ ቆመው ተሳለሙ። ውሻ ወደ ቅጥሩ ስለማይገባ ልኬ ከበሩ ወዲህ ተቀምጦ ጠበቃቸው፣ ገመዱም ያን ጊዜ ብቻ ላላ። ሲመለሱ ግን ውሻው በሕንፃዎቹ መካከል ወዳለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ገባና እንግዳ ነገር ያደርግ ጀመር። ምንም በሌለበት አስፋልት ላይ በድንገት ወደ ግራ ታጠፈ። ጥቂት ሄዶ ወደ ቀኝ ታጠፈ። አንድ ቦታ ላይ በጎን ሆኖ ሾለከ፣ ጠባብ ነገር መካከል እንደሚያልፍ። አባባ ወልዴም በጎናቸው ሾለኩ። ከዚያ ቆም ብለው፣ ማንም በሌለበት፣ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው "እንደምን ዋላችሁ" አሉ። ልኬ ጭራውን ቆላ።

የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ሙሉጌታ ይባላል። ከዳሱ ወጥቶ ሲያያቸው ነበር።

"መንገዱን ለውሻው ማን ነው ያሳየው?" አለኝ።

"የቱን መንገድ?"

"ይሄን ነዋ። አሁን የታጠፈበት የእነ እትዬ ዘነቡ አጥር ነበር። የሾለከበት ደግሞ ከቦኖ ውሃው ጀርባ ያለችው መተላለፊያ ናት። እኔ እዚሁ ነው ያደግሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። እሱ ግን ሰፈሩ ከፈረሰ ስንት ጊዜ በኋላ የተወለደ ውሻ ነው።"

"ከአባባ ለምዶት ይሆናላ።"

"ይሆናል" አለ ሙሉጌታ።

በማግሥቱ ልኬን ብቻዬን ይዤው ወጣሁ። ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ሲያስፈራኝ መጀመሪያ ሊሆን ከሚችለው ምክንያት አንዱን አስወጥቼ አያለሁ። ያለ አባባ ወልዴም በዚያው መንገድ ሄደ። ታጠፈ፣ ሾለከ፣ ጭራውን ቆላ። በመጨረሻ ከሕንፃው ሥር ወዳለው ማቆሚያ የሚወርደው የመኪና መንገድ አፍ ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ፣ ከዚያ ቦታ ለማለፍ ጎተተኝ። የትም ቦታ እንዲያ አልጎተተም። የአንገቱ ፀጉር ቆሞ ነበር።

ጋሽ በየነ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው።

"ወዴት ነው የሚጎትተው?" አሉኝ መጀመሪያ።

"ወዴትም። ቦታውን ለማለፍ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ወዴት እንደሚጎትት ተዪው። ከምን እንደሚጎትት ጠይቂ። ሳታውቂ አታስቁሚው።"

"ማንን ልጠይቅ?"

"እኔን አይደለም" አሉኝ።

ሰው መጠየቅ ለእኔ ከባድ ነው። ሙሉጌታን በየቀኑ አየዋለሁ፣ ሰላም እለዋለሁ፣ አልፋለሁ። ውሻውን መጠየቅ ይቀለኝ ነበር፤ ጠየቅሁትም፣ ክሩ ከፍ ሲል እየቆምኩ፣ ሲወርድ እየሄድኩ። የመኪናው መንገድ አፍ ላይ ደግሞ ደጋግሜ ሠራሁበት። ከሩቅ ጀመርኩ፣ በየቀኑ ትንሽ ቀረብኩ፣ የሳንባውን ቁራጭ በዚያ ቦታ ላይ ብቻ አበዛሁለት። ልኬ እያየኝ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ጉልበቴ አጠገብ ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። የሚያጎርስ እጅ ያለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ያን ጊዜ አይቻለሁ። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ በጣም የጠራው እሱ ነበር።

እትዬ አልማዝ ሱቋን ዘግታ መጥታ አየችው። "ይሄ የእኛው ውሻ ነው?" አለች። ሰበታ የመላኩ ነገር ቀረ። አባባ ወልዴ ግን ገመዱን በመሃሉ ይዘው፣ ልኬ ከጎናቸው ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ "ምን ሆነ? አሞታል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ደህና ነው አባባ። ተማረ እኮ።"

"እንዲህ ከሆነስ መንገዱን ማን ይነግረኛል?"

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ብቻቸውን እንዲሄዱ አድርጌ ከሩቅ ተከተልኳቸው። የባለቤቱ ፈተና ነው፤ አሠልጣኙ መታየት የለበትም። ክሩ በእጃቸው ስለተያዘ እኔ የማየው ገመዱን ነበር። ከእጃቸው ሥር ያለው ገመድ እንደላላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደላላ። በማቆሚያው ላይ ሲታጠፉ እንደላላ። የመኪናው መንገድ አፍ ላይ ሲደርሱም እንደላላ። አባባ ወልዴ ታጠፉ፣ ወደ ቁልቁለቱ ጥቂት ወረዱ፣ እጃቸውን በባዶው ላይ ዘርግተው የሆነ ነገር እንደሚደገፍ ሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ልኬ እንዳስተማርኩት ከጎናቸው ተቀመጠ። ገመዱ በመካከላቸው መሬት ነክቷል። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው።

ከዚያ አንድ መኪና ከጀርባቸው፣ ከፀሐዩ ወደ ቁልቁለቱ ጥላ ታጠፈና ገባ።

ሹፌሩ ፍሬን ይዟል። የገፋቸው በቀስታ ነበር። የእሳቸው አጥንት ግን ለቀስታም የሚሆን አልነበረም።

ሙሉጌታ ሮጦ ደርሶ ራሳቸውን በኮቱ ላይ አሳረፈው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ቁጣ አልነበረበትም።

"ክንዳቸው የተሰበረ ጊዜም እኮ ውሻው አይደለም የጣላቸው" አለኝ። "የቤታቸው ደጃፍ እዚህ ነበር። በመጡ ቁጥር ሊቀመጡ ይላሉ፣ እሱ ይጎትታቸውና ያሳልፋቸዋል። ያን ቀን እምቢ ብለው ታግለውት ነው የወደቁት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የጠየቀኝ ሰው የለም" አለ።

እትዬ አልማዝ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። "አስተምረሽዋል" አለች ቀስ ብላ። "በደንብ ነው ያስተማርሽው።" እስከ ዛሬ ከዚያ የከበደ ነገር ማንም አልተናገረኝም።

አባባ ወልዴ ዳግመኛ አልተራመዱም። ልኬ ከአልጋቸው ሥር ይተኛ ነበር። ልጠይቃቸው ስሄድ ገመዱ ትራሳቸው ላይ ነበር፤ ክሩን በሁለት ጣታቸው እያሹት።

"አደረሰኝ እኮ" አሉኝ።

"የት አባባ?"

"ደጄ ነዋ። ልገባ ስል ነው መኪና ያመጡብኝ።" ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሲሻለኝ እገባለሁ። ልኬ ብቻ እዚያ ያድርሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ ራሴ አውቀዋለሁ።"

ክረምቱ ሳያልቅ አረፉ።

የቀብራቸው ቀን እትዬ አልማዝ ጥቁር ለብሳ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ገመዱን ሰጠችኝ። ልኬ ከሬሳው ኋላ ተከትሎ መጥቶ ነበር። "አንቺ ያዥው" አለችኝ። "እኛ ጨርሰን ከመምጣታችን በፊት ቤት አስገቢው።" ሰዉ ሁሉ ገባ። እኔና ልኬ ከበሩ ወዲህ ቀረን። እንደ ወትሮው ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳያነሳ። የዋይታው ድምፅ ከፍ ብሎ ከዚያ ዝቅ ሲል ተነሣ። ጭራውን ቆላ። ከበሩ ማንም አልወጣም ነበር።

ቀን ነው፤ ፀሐይ አለ፣ ንፋስ የለም። ገመዱን በጫፉ ይዤ መንገድ ጀመርን። ልኬ አልጎተተም። ግን ከግራ ጉልበቴ አጠገብም አልሄደም፤ ራቅ ብሎ፣ በመካከላችን ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቶ ነው የሚሄደው። ላቀርበው ሞከርኩ። እያየኝ በቀስታ ተመልሶ ራቀ።

ከልማዴ ክሩን አየሁ።

ገመዱ በእኔ በኩል ልል ነው። በእሱም በኩል ልል ነው። ረጅም ገመድ ስለሆነ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ቢኖርም ክሩ መሬት መንካት ነበረበት። ክሩ ግን ከፍ ብሏል። ከወገቤ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጎበጥ ያለ ሰው እጁን ዘና አድርጎ በሚይዝበት ከፍታ ላይ፣ ከግራና ከቀኙ ገመዱ ተንጠልጥሎ፣ ሳይወዛወዝ አብሮን ይሄዳል።

አልቆምኩም። ክሩ ከፍ ሲል ቁሚ ተብዬ ተምሬ ነበር፤ እግሬ ግን አልቆመም። በእትዬ ዘነቡ አጥር ታጠፍን። በቦኖው ጀርባ ልኬ በጎኑ ሾለከ፣ ክሩም ተከተለው፣ እኔም በመጨረሻ በጎኔ ሾለክሁ። ሙሉጌታ ከዳሱ ወጥቶ ነበር። እኛን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

የመኪናው መንገድ አፍ ላይ ልኬ ቆመ። ይጎትታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጎተተም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደሚያደርገው፣ እሱ የማይገባበት ቦታ ፊት እንደሚያደርገው፣ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ክሩ ወረደ። አልወደቀም፤ በጥንቃቄ እንደሚያስቀምጡት ነገር ቀስ ብሎ ወረደና መሬት ነካ።

ልኬ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግራ ጉልበቴ ተጠጋ፣ ምንም ክፍተት ሳይተው፤ ቤት ገባን።